አኒሜሽኑን አቁሙት፤ መጀመሪያ ተማሪው ይገምት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ሳይንስ ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የሥነ ፈለክ መግቢያ በአኒሜሽን ቢሰጥ ተማሪዎች «ወዲያው ይገባቸዋል» ብለዋል። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ለጀማሪዎች የሥነ ፈለክ ክፍል አለኝ። እዚያ ክፍል ወጣቱም ጡረተኛውም አብሮ ይቀመጣል። አኒሜሽን የማላሳይበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጠላቱ አይደለሁም። «ወዲያው ይገባቸዋል» የምትለዋ ነገር ግን አልተዋጠችልኝም።

የሚሆነውን ልንገራችሁ። አኒሜሽኑ ያልቃል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «ገብቷችኋል?» ስል «አዎ!» ይሉኛል። ከዚያ አንዲት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ጨረቃ ግማሽ ሆና የምትታየን ለምንድን ነው? ክፍሉ ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው «የመሬት ጥላ ስለሚያርፍባት» ይላል። ሌሎቹም ይስማማሉ። ልክ አይደለም። ይህን የሚሉኝ ደግሞ አሁን፣ ከደቂቃዎች በፊት፣ ስለዚሁ ጉዳይ የተሠራ አኒሜሽን ያዩ ሰዎች ናቸው።

ሰነፎች ስለሆኑ አይመስላችሁ። እንዲያውም በደንብ ስላዩት ነው። አኒሜሽኑ ላይ መሬት መሃል ተቀምጣለች። ጨረቃ እዚያው አጠገቧ ትዞራለች። ፀሐይ ከአንዱ ጠርዝ ታበራለች። ጨረቃ ከመሬት ጀርባ ስታልፍ የሚያይ ሰው «ጥላ ውስጥ ገባች» ቢል ምን ይፈረድበታል? በዚያ ሥዕል ላይ በእርግጥም ገብታለች። በየዙሩ ትገባለች። እንደ ሥዕሉ ቢሆን ኖሮ በየወሩ የጨረቃ ግርዶሽ ባየን፣ ሙሉ ጨረቃ የምትባል ነገር ደግሞ ባላየን ነበር።

እውነተኛው ቦታ ሌላ ነው። ጨረቃ ከመሬት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የመሬት ዲያሜትር 12,742 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ጨረቃ ጋ ለመድረስ 30 መሬቶችን ጎን ለጎን መደርደር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የጨረቃ ምህዋር፣ ማለትም የምትዞርበት መንገድ፣ ከመሬት ምህዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። 5 ዲግሪ ወረቀት ላይ ምንም አትመስልም። በዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ግን ጨረቃን ከጥላው መሃል እስከ 34,000 ኪሎ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጋታለች። የመሬት ድፍን ጥላ እዚያ ሲደርስ ስፋቱ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጨረቃ ጥላውን ሳትነካው ከላዩ ወይም ከታቹ ታልፋለች። ግማሽ ሆና ስትታየን ደግሞ ጭራሽ በዚያ በኩል የለችም። ከጎን ናት። ፀሐይ ምንጊዜም ግማሽ አካሏን እንዳበራችው ነው። የሚለያየው እኛ ከየት አቅጣጫ እንደምናያት ነው።

«ታዲያ ልኩን ጠብቀው አይሠሩትም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። እስቲ እንሞክረው። መሬትን ስክሪኑ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር እናድርጋት። ጨረቃ 3 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ቦታዋም 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። እስከዚህ ድረስ ስክሪኑ ይችለዋል። ፀሐይ ግን 1 ሜትር ከ9 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ርቀቷም ወደ 117 ሜትር። ይህን የሚያሳይ ፕሮጀክተር እስካሁን አላየሁም። አኒሜሽን ሠሪው መዋሸት ግድ ይሆንበታል። ይዋሽ፣ ምንም አይደለም። የቱ ጋ እንደዋሸ ግን ለተማሪው ይነገረው።

በእኔ ክፍል ይህ ጨዋታ ሆኗል። አኒሜሽን ከመክፈቴ በፊት «ውሸቱን ፈልጉ» እላለሁ። ሰው የሌላውን ስህተት ለማግኘት ሲሆን እንዴት እንደሚነቃ ብታዩ! አንድ ጊዜ መሬት ፀሐይን ስትዞር የሚያሳይ አኒሜሽን ከፍቼ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «መምህርት፣ እኔ ቆጥሬያለሁ። ይቺ መሬት ፀሐይን አንዴ እስክትዞር በራሷ ዛቢያ 12 ጊዜ ብቻ ነው የዞረችው። እዚያ አገር ዓመቱ 12 ቀን ከሆነ ደመወዝ በስንት ቀኑ ነው የሚከፈለው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኚህ ሰው የያዙት ነገር ግን ቀላል አይደለም። ዓመቱን በአንድ ደቂቃ እናሳይ ብንል መሬት በሰከንድ 6 ጊዜ መሽከርከር አለባት። ዓይን አይከተለውም። ስለዚህ ሠሪው ሽክርክሪቱን ያዘገየዋል። ይህ ሳይነገረው የቀረ ጀማሪ ቀንንና ዓመትን ያምታታል። «የሚመሸው መሬት ወደ ፀሐይ ጀርባ ስለምትሄድ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምንጩ ይህ ዓይነቱ ሥዕል ሊሆን ይችላል።

ወቅቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ምህዋሩን ወደ ጎን አጋድመው ስለሚስሉት ሞላላ ሆኖ ይለጠጣል። መሬት አንዴ ፀሐይን ልትነካት ትደርሳለች፣ አንዴ ጥላት ርቃ ትሄዳለች። ይህን ያየ ሰው «ስንቀርብ ይሞቃል፣ ስንርቅ ይበርዳል» ቢል አይገርምም። እውነተኛውን ቅርጽ ማየት ለሚፈልግ፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ምህዋር ወለል ላይ በጠመኔ ይሣል። ረጅሙና አጭሩ ስፋት የሚለያዩት በ0.14 ሚሊ ሜትር ነው። የጠመኔው መስመር ራሱ ከዚያ ይወፍራል። በዓይን ሲታይ ክብ ነው፣ በቃ። ፀሐይ ግን ከትክክለኛው መሃል ወደ 8 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። በዚህ ምክንያት ርቀታችን በጃንዋሪ መጀመሪያ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ በጁላይ መጀመሪያ ወደ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጣም የምንቀርበው እንግዲህ በጃንዋሪ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያኔ የቅዝቃዜው ወራት ነው! ይህቺን ብቻ ስናገር ክፍሉ ውስጥ የሚነሳው ጫጫታ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጥብኛል።

ወቅትን የሚያመጣው የመሬት ዛቢያ ማዘንበል ነው፤ 23.4 ዲግሪ። ይህን ሁሉም በቃሉ ይላል። እንዴት እንደሚያመጣው ማስረዳት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን ካሜራ ይዘው የገቡ ሰዎች 23 ተማሪዎችን፣ መምህራንንና የቀድሞ ተመራቂዎችን አገኙ። ስለ ወቅቶች ወይም ስለ ጨረቃ ቅርጾች ጠየቋቸው። 21ዱ የተሳሳተ ነገር ተናገሩ። ጋውን ለብሰው፣ በሙሉ ልብ። እነዚህ ሰዎች መጻሕፍትና ሥዕል የቸገራቸው አልነበሩም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የእኔ መልስ አጭር ናት። አኒሜሽኑ ከመጫወቱ በፊት ተማሪው ምን እንደሚያይ ይገምት። በወረቀት ይሣለው። ከጎረቤቱ ጋር ይከራከርበት። ከዚያ ይታይ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የፊዚክስ ምሁሩ ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቹ እዚያው ሃርቫርድ ውስጥ የሠሩት ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል። ክፍል ውስጥ የፊዚክስ ሙከራ ሲታይ ተማሪው ምን ያህል ይረዳል የሚል ነው። ሙከራውን ዝም ብለው ያዩት ተማሪዎች ጭራሽ ካላዩት ብዙም አልተሻሉም። መጀመሪያ ውጤቱን እንዲገምቱ የተደረጉት ግን የተሻለ ተረድተዋል። ጥናቱ ስለ አኒሜሽን አይደለም፣ በእጅ ስለሚሠራ ሙከራ ነው። ሆኖም ቁጭ ብሎ ማየት በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ስለ አኒሜሽን ራሱ የሥነ ልቦና ምሁሯ ባርባራ ትቨርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው ገምግመው ነበር። አኒሜሽን ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ይወሳሰባል ወይም ይፈጥናል፣ ተመልካቹ በቅጡ አይከታተለውም አሉ። ተማሪው ራሱ ማስቆምና መመለስ ሲችል ሊረዳ ይችላል ብለዋል። ጸሐፊያችሁ «ወዲያው» ያሉትን ነገር እኔ «ቀስ ብሎ» ብዬ ብተካው የምመርጠው ለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ቀጭን ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ አናታችን ላይ ልትታይ ትችላለች?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው «ለምን አትችልም?» ይላል። እሺ፣ ጻፉት እላለሁ። ሁለት ሰው ቢያንስ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ነው አኒሜሽኑን የምከፍተው። መሬት ላይ አንዲት ትንሽ ሰው ቆማለች። ጨረቃን ቀጭን ወደምትሆንበት ቦታ እንጎትታታለን። ቦታዋ በፀሐይ አቅጣጫ ነው። ሰውየዋን ወደ እኩለ ሌሊት እናዞራታለን። ፊቷን ከፀሐይ ተቃራኒ ታዞራለች። ጨረቃዋ ከእግሯ በታች፣ ከአድማሱ ወዲያ ማዶ ቀረች! ያን ጊዜ «አሃ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ከዚያ የሚቀጥለውን እነሱ ራሳቸው ይጠይቁኛል። ሙሉ ጨረቃስ? ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች። ግማሽስ? በማደግ ላይ ያለችዋ ግማሽ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ መሃል አካባቢ ትገኛለች። ይህን አልነገርኳቸውም። ጎትተው አገኙት።

እዚህ ላይ ጀማሪን በእውነት የሚያስቸግረው ነገር ይወጣል። መጽሐፉ የሚያሳየው ከላይ፣ ከጠፈር የታየውን ነው። ተማሪው የሚያየው ከታች፣ ከቆመበት መሬት ነው። ከአንዱ እይታ ወደ ሌላው በሐሳብ መዝለል ከባድ ነው። ጎበዝ አኒሜሽን የሚያገለግለው እዚህ ነው። ሁለቱን መስኮት ጎን ለጎን ያሳያል። በአንዱ ጨረቃን ስትጎትት በሌላው ሰማዩ ይለወጣል። በአሜሪካ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ ትምህርት ያዘጋጃቸው ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ተማሪው ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸው አኒሜሽኖች፣ እንዲህ ዓይነት ናቸው። የወቅቶቹ ለምሳሌ መሬት በምህዋሯ የት እንዳለች በአንድ በኩል ያሳያል። በሌላ በኩል የፀሐይ ብርሃን መሬቱን በምን ዲግሪ እንደሚመታው ያሳያል። ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ወደ ሰሜን ላይ ያለ ሰው በጁን መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይን 73 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያገኛታል። በዲሴምበር መጨረሻ 27 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ያው ብርሃን ከእጥፍ በላይ በሆነ መሬት ላይ ይበተናል። ቀኑም ያጥራል። ተማሪው ቀኑን ወደፊትና ወደኋላ እየጎተተ ይህን ሲያይ፣ «ርቀት» የሚለው ሐሳብ ማንም ሳይቆጣው ከራሱ ላይ ይወርዳል።

ማርስም እንዲሁ ናት። ማርስ በከዋክብት መሃል ወደ ምሥራቅ ስትጓዝ ከርማ በየ26 ወሩ ገደማ ትቆምና ወደ ኋላ ትመለሳለች። ከዚያ ደግሞ መንገዷን ትቀጥላለች። በጥንት ዘመን በጥሌሚ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ መሬትን መሃል አድርጎ ይህን ለማስረዳት በክብ ላይ ሌላ ክብ መጨመር ነበረበት። ሌላው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው ሥራ ፀሐይን መሃል ሲያስቀምጥ ነገሩ ቀለለ። መሬት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማርስ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። እኛ ስናልፋት ወደ ኋላ የሄደች ትመስለናለች። ይህን በቃል አንድ ሰዓት ባስረዳ አልጨርሰውም። በአኒሜሽን ከመሬት ተነስቶ በማርስ በኩል እስከ ከዋክብቱ የሚደርስ አንድ መስመር ይሣላል። መስመሩ ሲጠማዘዝ ሁሉም ያየዋል። መጽሐፍ ይህን አይችልም፤ እዚህ ላይ ለጸሐፊያችሁ እጅ እሰጣለሁ።

ማውዙ ግን በመምህሩ እጅ አይሁን። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ቢኖር እንኳ ተማሪ ይምጣና ይያዘው። ሌሎቹ «ወደ ኋላ! ትንሽ ቀስ!» እያሉ ይጩሁበት። በሞባይል ከሆነ ለሁለት ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል። ለየብቻ ከሰጠኋቸው ዝም ብለው ይነካካሉ። አብረው ሲሆኑ መጨቃጨቅ ግድ ነው፤ የምፈልገውም ጭቅጭቁን ነው። ሙዚቃውንም አጥፉልኝ። ፕላኔት ባለፈች ቁጥር ከበሮና እምቢልታ ምን ይሠራል?

ስለ ውበት ከተነሳ አይቀር፣ በጣም የሚያምሩት አኒሜሽኖች አንዳንዴ በጣም የሚያሳስቱት ናቸው። ፀሐይ እየበረረች ፕላኔቶቹ ከኋላዋ እየተጠማዘዙ ሲከተሏት የሚያሳይ ቪዲዮ በየጊዜው ይላክልኛል። ፀሐይ በጋላክሲያችን ውስጥ በሰከንድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዟ እውነት ነው። ፕላኔቶቹ ግን ጭራ አይደሉም። የምህዋራቸው ዝርግ ከጋላክሲው ዝርግ አንጻር 60 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። በጉዞው ላይ አንዳንዴ ከፀሐይ ቀድመው ይገኛሉ፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በማርስና በጁፒተር መሃል ያለው የአስትሮይድ ቀበቶም ላይ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ያሳያሉ። ፓዮኒር 10 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1972 ተነስታ በዚያ ቀበቶ ውስጥ በሰላም አልፋለች። በ1973 መጨረሻም ጁፒተር ደርሳለች። ቦታው ባዶ ነው ማለት ይቀላል። ስለ ቢግ ባንግ፣ ማለትም ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር፣ የተሠሩትን አኒሜሽኖች ባልናገር ይሻላል። ጨለማ ውስጥ የሚፈነዳ ኳስ፣ ካሜራውም ከውጭ ቆሞ ይቀርጻል! ከጽንፈ ዓለም ውጭ ከየት ሆኖ?

በሌላ በኩል ውበትም እውነትም ያለበት አለ። ናሳ በየዓመቱ ጨረቃን በየሰዓቱ የሚያሳይ አኒሜሽን ያወጣል። በፍጥነት ሲጫወት ጨረቃ ስትተልቅና ስታንስ፣ ትንሽ ትንሽም ስትወዛወዝ ይታያል። ከመሬት የምትታየን ግማሽ አካሏ ብቻ ነው ብለን የምናስብ ሰዎች በዚህ ውዝዋዜ ምክንያት በጊዜ ብዛት 59 በመቶዋን እንደምናይ ስንሰማ እንገረማለን። እኔ ይህን የምከፍተው ተማሪዎቼ ራሳቸው ጨረቃን ለተወሰኑ ምሽቶች ከተከታተሉ በኋላ ነው። በተመሳሳይ ሰዓት ይወጣሉ። ክንዳቸውን ዘርግተው በጭብጣቸው ይለካሉ። ጭብጥ ወደ 10 ዲግሪ ነው፤ ጨረቃ በየቀኑ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ አልፋ ወደ ምሥራቅ ትሸሻለች። ደመና ከከለከላቸው ደግሞ ይበሳጫሉ። የተበሳጨ ሰው ጥያቄ አለው። ጥያቄ ይዞ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ሌላ ነው።

ስለ አንድ ተማሪዬ ሳልናገር አላልፍም። ማየት የተሳነው ወጣት ነበር። የአኒሜሽኑ ተራኪ «እንደምታዩት» ባለ ቁጥር ፈገግ ይላል። አንድ ምሽት «እሺ፣ ምንድን ነው የምታዩት?» ብሎ ክፍሉን ጠየቀ። ማንም በቃል መግለጽ አልቻለም። «ይዞራል»፣ «ይጠቁራል»፣ «እንዲህ ሆኖ እንዲያ ይሆናል» አሉት። ያኔ ብዙዎቹ ያዩት ነገር እንዳልገባቸው ለራሳቸውም ታወቃቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ኳስ ይዘን መጣን። ግማሹን በሻካራ ጨርቅ ሸፈንነው፤ ጨለማው ጎን ነው። ለስላሳው የበራው ጎን ነው። ወጣቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ራሱ መሬት ሆነ። ለስላሳውን ጎን ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ እንዳዞርን ኳሱን በዙሪያው አዞርነው። በየቦታው እጁን ዘርግቶ በእሱ በኩል ያለውን ገጽ ይዳስሳል። በመስኮቱ በኩል ሲሆን ሻካራ ብቻ። በጎኑ ሲሆን ግማሽ በግማሽ። ከመስኮቱ ትይዩ፣ በጀርባው በኩል ሲሆን ለስላሳ ብቻ። «ጥላ የሚባል ነገር የት አለ እዚህ?» አለ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የጨረቃን ቅርጾች ለአዲስ ተማሪዎች የሚያስረዳው እሱ ሆነ። እኔ እዳር ቆሜ እሰማለሁ። ሌሎቹም አኒሜሽን ባዩ ቁጥር ለእሱ በቃል መግለጽ አለባቸው። እሱ ሲቀር ራሱ ልማዱን አልተዉትም።

አንድ ተግባራዊ ነገርም ልጨምር፣ ለመምህራን ነው። ጥሩ አኒሜሽን ስታገኙ ካልተከለከለ አውርዳችሁ አስቀምጡት። የቀድሞዎቹ የክፍል ሲሙሌሽኖች አብዛኞቹ ፍላሽ በሚባል የአዶቤ ኩባንያ ፕሮግራም የተሠሩ ነበሩ። አዶቤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ለፍላሽ ድጋፍ መስጠት አቆመ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ላይ ጨርሶ ተዘጋ። ለዓመታት የተዘጋጀንበት ትምህርት ባዶ ሳጥን ሆኖ ስክሪን ላይ ቀረ። የኔብራስካዎቹን ጨምሮ ብዙዎቹ በአዲስ መልክ ተሠርተው ተመልሰዋል። ያልተመለሱም አሉ። ለኢንተርኔትም አትመኑ። ትምህርቱ ሲሞቅ መቆራረጥ ይወዳል። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቀኑንና ቦታውን ስትሰጡት ሰማዩን ከመሬት ሆናችሁ እንደምታዩት ያሳያችኋል። ለጀማሪ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ከጠፈር የታየውን ሥዕል ተማሪው እየተከራከረ በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል።

ጽሑፉ ላይ አንድ መምህር አርባ ደቂቃ ውስጥ አምስት አኒሜሽን ማሳየት እንደሚችል ተጠቅሷል። ይችላል። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ አሳያለሁ፣ እሷንም ብዙ ጊዜ አልጨርሳትም። የትምህርት ኃላፊዎች ለክፍሎች ቪዲዮ ሲመርጡ ብዛቱን ባይቆጥሩብን ደስ ይለኛል። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጋር ሁለት ሦስት የግምት ጥያቄ ይምጣ። ቪዲዮው በየት ቦታ መቆም እንዳለበት ምልክት ይደረግበት። የመጠንና የርቀት ውሸቱም ከታች በአንድ መስመር ይጻፍ። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

በመጨረሻ፣ ከጽሑፉ ጋር ስለታተመው ሥዕል። ምሽት ነው፣ ፀሐይ በስተቀኝ እየጠለቀች ነው፣ ቀጭን ጨረቃም ከበላይዋ አለች። የጨረቃዋ የበራው ጎን ግን ወደ ግራ፣ ከፀሐይ ተቃራኒ ዞሯል። ከዚህም አልፎ በቀንዶቿ መሃል አንድ ኮከብ ተቀምጧል፤ ኮከቡ ከጨረቃ ፊት ለፊት ካልሆነ በስተቀር እዚያ ሊታይ አይችልም። ሥዕሉን ለማታ ክፍሌ «ውሸቱን ፈልጉ» ብዬ ሰጥቻቸው ሁለቱንም አግኝተዋል። እርማት ካወጣችሁ ጨረቃዋን ብቻ ገልብጧት፣ ኮከቡንም ወደ ጎን አድርጉት፤ ሌላው ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፊዚክስ መምህርት